ርግቧ ቤቷን፣ ንስሩ ባሌን እንዴት ያገኛሉ?

ከጎባ ተነስቶ በሳነቴ አምባ በኩል ወደ ዶሎ መና የሚወርድ መንገደኛ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ከመንገዱ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ወይም ባዶ መሬት ላይ ቁጭ ያሉ ትልልቅ ቡናማ ንስሮች ያያል። ብዙዎቹ የባሌ ተወላጆች አይደሉም። የስቴፕ ንስር ይባላሉ፤ ስቴፕ የሚባለው ከካዛክስታን እስከ ሩሲያና ሞንጎሊያ የተዘረጋው ዛፍ አልባ የሣር ሜዳ ነው። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። ብርዱ ሲበረታባቸው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በረው እዚህ ይደርሳሉ፤ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፍልፈልና አይጥ እንደ ልብ የሚገኝበትን አምባ ከቀይ ቀበሮ ጋር ይሻማሉ። ከመካከላቸው በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ፣ መንገዱን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ጫጩቶች አሉ።

እንዴት አገኙት? ለምንስ የተነሱት ሁሉ አይደርሱም?

መልሱን ከርግብ ብንጀምር ይሻላል። ስለ ወፎች አቅጣጫ ማወቅ ብዙውን ነገር ያስተማረችን ርግብ ናትና። ለማርባት ርካሽ ናት፣ ቤቷን ትወዳለች፣ በሣጥን አድርገው አይታው ወደማታውቀው አገር ቢወስዷት ተመልሳ ትመጣለች። ቤልጂየሞች፣ እንግሊዞችና ቻይናዎች ይህን ችሎታ ትልቅ ውድድር አድርገውታል። ደህና ተወዳዳሪ ርግብ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለች። እንበልና የአንድ የባሌ ሮቤ ሰው ርግብ አዲስ አበባ ተወስዳ ብትለቀቅ፣ እኛ በሻሸመኔና በዶዶላ ዞረን ቀኑን ሙሉ የምንጓዘው መንገድ ለእሷ በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ተለቅቃ ለምሳ ትደርሳለች።

ግን መጀመሪያ ሁለት ነገር ማወቅ አለባት። አንዱ «አሁን ያለሁት ከቤቴ በየት በኩል ነው?» የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ «ደቡብ ምሥራቅ የቱ ነው?» የሚለው። የመጀመሪያው ካርታ፣ ሁለተኛው ኮምፓስ ይፈልጋል።

ኮምፓሱ በደንብ የታወቀው ክፍል ነው። ርግብ ፀሐይን ታያለች፣ በውስጧ ያለው ሰዓት ደግሞ ፀሐይ በዚህ ሰዓት የት መሆን እንዳለባት ይነግራታል። ይህ የተረጋገጠው በተንኮል ነው። ርግቦቹን ክፍል ውስጥ ዘግተው መብራቱን ከእውነተኛው ንጋት 6 ሰዓት አስቀድመው ያበራሉ፣ 6 ሰዓት አስቀድመው ያጠፋሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በጠራራ ፀሐይ ሲለቀቁ ከቤታቸው አቅጣጫ 90 ዲግሪ ያህል ስተው ይበራሉ። ሰማዩ በደመና በተሸፈነ ቀን ከተለቀቁ ግን ይህ ተንኮል አይሠራም፤ በትክክል ቤታቸው ይገባሉ። በደመና ቀን የሚረዳቸው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። አሜሪካዊው ዊሊያም ኪተን በ1971 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ርግቦች ላይ ትናንሽ ማግኔት አሰረ። ፀሐይ በነበረባቸው ቀናት ልምድ ያላቸው ርግቦች ምንም አልሆኑም። በደመናው ቀን ግን ተምታቱ። የመሬትን የመግነጢስ ኃይል ይሰማቸዋል ማለት ነው።

የእኛ አገር ነገር እዚህ ላይ ለየት ይላል። ሮቤ ላይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትታየው በስተሰሜን ነው፤ በቀሩት ወራት በስተደቡብ። አውሮፓ ላደገ ወፍ የእኩለ ቀን ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት። መግነጢሱም እንደዚያው ያስቸግራል። የብዙ ወፎች ኮምፓስ እንደ መርከበኛ ኮምፓስ ሰሜንና ደቡብ ብሎ አይለይም። የሚለየው የመግነጢሱ መስመር ወደ መሬት ያዘነበለው በየት በኩል እንደሆነ ነው፤ ያዘነበለበት በኩል «ወደ ዋልታ»፣ ተቃራኒው «ወደ ወገብ» ማለት ነው። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቪልችኮና ባለቤቱ ሮስቪታ ይህን በ1972 አሳይተዋል። ታዲያ መስመሩ ወደ የትም ሳያዘነብል ጠፍጣፋ የሚሆንበት የመግነጢስ ወገብ የሚያልፈው ኢትዮጵያን አቋርጦ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ የተቋቋመውም ቦታው ለዚያ ወገብ ቅርብ ስለሆነ የተለየ ጥቅም ስላለው ነው። ከአውሮፓ የመጣ ትንሽ ወፍ እኛ ዘንድ ሲደርስ «ወደ ወገብ ብረር» የሚለው ትእዛዝ ትርጉም ያጣል፤ ወገቡን ካለፈ በኋላ ደግሞ ያው ትእዛዝ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቪልችኮዎች በ1992 ወፎችን በሰው ሠራሽ መንገድ ጠፍጣፋ መግነጢስ ውስጥ አቆይተው ፈተኗቸው። ወፎቹ ከዚያ በኋላ ትእዛዙን ራሳቸው ገልብጠው «ወደ ዋልታ» መብረር ጀመሩ። እኔን ከዚህ ሁሉ ጥናት የሚገርመኝ ይህ ነው።

ካርታው አሁንም ያከራክራል። ጣሊያናዊው ፍሎሪያኖ ፓፒ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ርግብ የምትመራው በማሽተት ነው ብሎ ተነሳ፤ የማሽተት ነርቫቸው የተቆረጠ ርግቦች ከማያውቁት ቦታ መመለስ ያቅታቸዋል። ርግቧ ቤቷ ሆና ነፋሱ ከየአቅጣጫው የሚያመጣውን ሽታ ትማራለች ማለት ነው፤ በእኛ ምሳሌ ከደቡብ የሐረና ደን እርጥበት፣ ከሰሜን የስንዴ ማሳው። ሌሎች ደግሞ ለሰው ጆሮ የማይሰማ ወፍራም ድምፅን ያነሳሉ። በሚታወቅ አገር ላይ ግን ነገሩ በጣም ቀላል ነው። በ2004 የወጣ ጥናት ሮም አካባቢ ርግቦች ላይ ጂፒኤስ አስሮ ሲከታተል፣ ርግቦቹ አውራ ጎዳናውን ተከትለው ሲበሩ፣ መገንጠያው ላይ ሲደርሱም ከመንገዱ ጋር ሲታጠፉ ተገኝተዋል። መንገድ እያለ ለምን ይደክማሉ?

በነገራችን ላይ፣ በባሌ ገደሎችና በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የምናያት፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ያለባት የደጋ ርግብ የተወዳዳሪዋ ርግብ የሩቅ ዘመድ ናት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም አትገኝም። እሷ ሩቅ አትሄድም፤ ቀን ማሳ ላይ ትለቅምና ማታ ገደሏ ትገባለች።

ወደ ምሳሌዋ ርግብ እንመለስ። ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤ ቀጥታ መስመር ቢሰመር ከአርሲ ተራሮች ጋር ያጋጫል፤ ጭላሎና ካካ ሁለቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው። ከዚያ የዋቤ ሸለቆ ይከተላል። ርግብ አቅጣጫዋን ብታውቅም ያን ያህል ከፍታ ላይ መውጣት አድካሚ ስለሆነ ዞር ብላ በዝቅተኛው ታልፋለች። ገደል ባለበት ደግሞ ጭልፊት አለ፤ ጭልፊት ርግብ እየጠበቀ የሚኖር ወፍ ነው። አርቢዎች ርግቤ ጠፋች ሲሉ ብዙ ጊዜ መንገድ የሳተች ይመስላቸዋል። መሳትም አለ፤ በሰኔ 1997 ከፈረንሳይዋ ናንት ወደ እንግሊዝ የተለቀቁ 60,000 ያህል ርግቦች አብዛኞቹ ሳይመለሱ ቀርተዋል። አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ ምክንያቱ በዚያ ሰዓት ያለፈው የኮንኮርድ አውሮፕላን ድምፅ ነው ቢልም ሁሉም አልተቀበሉትም። የዘወትሩ ጥፋት ግን ያን ያህል ምሥጢር የለውም። ጭልፊት፣ ዝናብ፣ የውሃ ጥም፣ ሽቦ፣ ልምድ ማጣት። ብዙ ወፍ የሚያልቀው መንገዱ ጠፍቶት አይደለም፤ ትክክለኛው መንገድ ላይ ሆኖ ነው።

ይህ በንስሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ርግብ ክንፏን እያራገበች ትሄዳለች። ንስር ግን ከባድ ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ እያራገበ ካዛክስታን ድረስ ቢሄድ ጉልበቱ አይችልም። ስለዚህ በሙቅ አየር ላይ ይሳፈራል። ፀሐይ መሬቱን እንደ ምጣድ ስታግለው ከላዩ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይነሳል። ንስሩ ያን አየር ይዞ እየዞረ ይወጣል፤ ጫፍ ሲደርስ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ወደሚቀጥለው ሙቅ አየር ይንሸራተታል። ሳነቴ ላይ በበጋ ሌሊት ውሃ ይረጋል፣ ስለዚህ ማለዳ ንስሮቹ መሬት ላይ ተኮራምተው ይታያሉ። የታመሙ የሚመስላቸው አሉ፤ ሦስት ሰዓት አልፎ አየሩ እስኪነሳ መጠበቃቸው ብቻ ነው።

ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ሙቅ አየር አይነሳም። ቀይ ባሕርን በሰፊው በኩል ልሻገር ያለ ንስር መሃል ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከመካከለኛው እስያ የተነሱት በዓረብ ምድር አድርገው፣ በየመን ወርደው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርድ ባላት በባብ ኤል ማንደብ ይሻገራሉ። በ1987 መኸር እንግሊዛውያኑ ጄፍና ሂላሪ ዌልች ጅቡቲ ዳርቻ ቆመው ሲቆጥሩ ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች አልፈዋል፤ ከ76,000 በላይ የሚሆኑት የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። ከዚያ ወደ ባሌ በአፋርና በሐረርጌ በኩል 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በጸደይ ሲመለሱ ብዙዎቹ በመጡበት አይመለሱም፤ ወደ ሰሜን ሄደው በሱዌዝ በኩል ይዞራሉ።

የእያንዳንዱን ንስር መንገድ ማወቅ የተቻለው ጀርባቸው ላይ በሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ነው። አንዳንዱ ያለበትን ቦታ በአጭር የስልክ መልእክት ይልካል። በ2019 ሚን የተባለች ንስር ሞቃቱን ወራት ኔትወርክ በሌለበት የካዛክስታን ሜዳ አሳለፈች። መልእክቱ ተጠራቀመ። ከዚያ በቀጥታ ኢራን ገባችና የወራቱን መልእክት ሁሉ በውጭ አገር ታሪፍ ላከችው። የሩሲያ ተመራማሪዎች የመልእክት በጀት በአንድ ጊዜ አለቀ፤ መጨረሻ ላይ ሜጋፎን የተባለው የስልክ ኩባንያ ዕዳውን ሰረዘላቸው።

የእነዚህ መሣሪያዎች ምልክት ድንገት ሲቆም ሄደው የሚያዩ ሰዎች ደጋግመው የሚያገኙት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። የስቴፕ ንስር ያደገው ዛፍ በሌለበት አገር ነው፤ ምሰሶ ሲያገኝ ይወጣበታል፣ አይጡን ከላይ ሆኖ ያያልና። ርግብ ሽቦ ላይ ተቀምጣ የማትሞተው አንድ ሽቦ ብቻ ስለምትነካ ነው፤ ኤሌክትሪክ በእሷ ውስጥ አልፎ የሚሄድበት ሌላ ጫፍ የለም። ንስሩ ግን ምሰሶው አናት ላይ ባለው አግዳሚ ብረት ቆሞ ሊነሳ ክንፉን ሲዘረጋ፣ እግሩ ብረቱን እንደያዘ የክንፉ ጫፍ ሽቦውን ይነካል። ኤሌክትሪኩ በእሱ ውስጥ ያልፋል። በኤሌክትሪክ ብዙ ወፍ የሚገድሉት በረጃጅም የብረት ማማ ላይ ያሉት ትልልቅ መስመሮች አይደሉም፤ እነዚያ ሽቦዎች ከማማው ርቀው ነው የተንጠለጠሉት። ገዳዮቹ መንደር ለመንደር የሚሄዱት መካከለኛ መስመሮች ናቸው፤ በእኛ አገር የ15ና የ33 ኪሎ ቮልቱ። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ኮንክሪቱ ግን ውስጡ ብረት ነው። የእንጨቱን ምሰሶ በኮንክሪት መተካት ለመብራቱ አስተማማኝነት ጥሩ ነው፣ ለንስሩ ግን የባሰ ነው፤ ይህን በሥራው ላይ ያሉ መሐንዲሶች ከመጀመሪያው ቢያስቡበት ጥሩ ነበር።

ሱዳን ላይ የሆነው ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ያሳያል። ከፖርት ሱዳን የሚነሳ 31 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ የ1950ዎቹ መስመር ለአሥርተ ዓመታት የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን ሲፈጅ ኖረ፤ የሞቱት በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች እንደሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። በ2014 ተዘጋና ሽፋን ባለው መስመር ተተካ። መፍትሔው ያን ያህል ውድ አይደለም። ሽቦውን ከአግዳሚው በላይ ከማቆም ከሥሩ ማንጠልጠል፣ ወይም ምሰሶው አጠገብ ያለውን አንድ ሁለት ሜትር ሽቦ በፕላስቲክ መሸፈን ይበቃል። ሲጀመር ከተሠራ ወጪው ትንሽ ነው፤ ከቆመ በኋላ መብራት አጥፍቶ ምሰሶ በምሰሶ መውጣት ይጠይቃል።

ሮቤና ሲናና ዙሪያ ሜዳው ስንዴ ነው፣ ዛፍ ጥቂት፣ ምሰሶ ብዙ፣ አይጥም አይጠፋም። ምሰሶ ሥር የወደቀ ትልቅ ወፍ ያየ ሰው እግሩን ይመልከት። ቀለበት ካለበት ላዩ ላይ ቁጥርና የአገር ስም ይኖራል፤ ጀርባው ላይ አንቴና ያለው ትንሽ ሣጥንም ሊኖር ይችላል። ይህ ስለላ አይደለም። በ2011 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ መለያ የተገኘበት ጥንብ አንሳ በሰላይነት ተጠርጥሮ ተይዞ ነበር፣ በኋላ ተለቀቀ። ወፉን በእጅ ከመንካት በፊት ሽቦ አለመበጠሱን ማረጋገጥ ይቅደም። ከዚያ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ፣ ዲንሾ ላለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መስጠት ነው። ቀለበቱን ያሰረው ሰው ካዛክስታንም ይሁን ሩሲያ ወፉ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚህ ብቻ ሊሆን ይችላል።