ያዘመመ ሞተር የዘይቱን ልክ አይናገርም

ኮዬ ፈጬ ላይ ሞተር ያለው ሰው ስለ ሞተሩ ሲጠየቅ ከጉልበቱ ይጀምራል፤ ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ፣ ከኋላ ምን ያህል እንደሚጭን። ቀጥሎ ቤንዚን ቆጣቢነቱን ያወራል። ዘይት የሚነሣው ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ መውጣት ሲጀምር ነው። ያኔ ደግሞ ጨዋታው ስለ ዘይት መሆኑ ቀርቶ ስለ ፋሻና ስለ ፒስተን ዋጋ ሆኗል።

እኔ ከሞተር ሳይክል ዕቃ ሁሉ አብልጬ የምወደው የዘይት መለኪያዋን ነው። የእርሳስ ውፍረት እንኳ የሌላት፣ ጫፏ ላይ ሁለት ምልክት ያላት ዘንግ ናት። አንዳንዱ ሞተር በእሷ ፋንታ ከታች በጎኑ በኩል ክብ መስታወት አለው። ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ከወረደ አንሷል፣ ከላይኛው ካለፈ በዝቷል። መለኪያዋ ባትሪ አትፈልግም፣ አትበላሽም፣ ገንዘብ አትጠይቅም። ካልተዋሸባት አትዋሽም።

ችግሩ ሰዉ ይዋሽባታል። አብዛኞቹ በየመንገዳችን የምናያቸው ሞተሮች የጎን መቆሚያቸው በግራ ነው። የዘይት መለኪያቸው ወይም መስታወታቸው ደግሞ በቀኝ፣ በፍሪሲዮኑ ክዳን በኩል ነው። ሞተሩ በጎን መቆሚያው ላይ ሲያርፍ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ዘይቱም አብሮት ወደ ግራ ይሄዳል። ባለሞተሩ በቀኝ በኩል ቁጢጥ ብሎ መለኪያዋን መዘዝ ሲያደርግ ጫፏ ብቻ ረጥቧል። «ዘይት የለውም!» ይልና ይጨምራል። እንደገና ይለካል፤ አሁንም ዝቅ ያለ ነው። ይጨምራል። ባዘመመው ሞተር ላይ ዘይቱ ላይኛው ምልክት ሲደርስ ሰውዬው ደስ ብሎት ክዳኑን ይገጥማል። ሞተሩ ቀጥ ሲል ግን ዘይቱ ከምልክቱ በላይ የት እንደደረሰ የሚያይለት የለም።

አንድ ቀን ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች አጠገብ አንድ ዕቃ አመላላሽ ልጅ ግማሽ የቀረው የዘይት ዕቃ ይዞ ቆሞ አገኘሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ዘይት ይበላል» አለኝ። «ከትናንት ወዲያ ሞላሁት፣ ዛሬ ሳየው ደግሞ ጎድሏል።» ሞተሩ በጎን መቆሚያው ላይ ነበር፤ ያውም የኮብልስቶኑ ንጣፍ ወደ ቦዩ በሚያዘቀዝቅበት በኩል። እጀታውን ይዤ ቀጥ አደረግኩትና «እስቲ አሁን እየው» አልኩት። ጎንበስ ብሎ መስታወቱን አየ። «ምንም አይታይም፣ ባዶ ነው!» አለ። ባዶ ግን አልነበረም፤ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህን ብዙ የሠሩ መካኒኮችም ሲስቱት አይቻለሁ። በመስታወቱ ውስጥ የምንፈልገው ዘይቱን ሳይሆን የዘይቱን ጠርዝ፣ ማለትም ዘይቱና አየሩ የሚለያዩበትን መስመር ነው። ያረጀ መስታወት ከውስጥ ቡናማ ይሆናል፤ ስለዚህ ጨርሶ የጎደለውና ከልክ በላይ የሞላው ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። መስመሩ ካልታየ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይዞ ቀስ እያሉ ወደ ግራ ማዘንበል ነው። ከልክ በላይ የሞላ ከሆነ መስመሩ ከላይ ወደ መስታወቱ ሲወርድ ይታያል። የጎደለ ከሆነ ደግሞ ወደ ግራ ሲያዘነብል ምንም አይመጣም፤ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ግን ዘይቱ ከታች ብቅ ይላል። ያን ልጅ እንዲህ እያደረግሁ ሳሳየው መስመሩ ከላይ ወረደ። «ታዲያ ማን ነው የበላው?» አለና ሣቀ። ማንም አልበላውም።

«ቢበዛ ምን ይጎዳል፣ ከሚያንስ ይሻላል» የሚለው ወሬ ነው ሞተሮቻችንን የሚጨርሰው። ፒስተኑን የሚያወጣና የሚያወርደው ኮሎ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይዞራል። ዘይቱ ከልኩ አልፎ እሱ ጋ ከደረሰ እየመታው አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ግማሹ አየር ስለሆነ ብረትን ከብረት አይለይም፤ ፓምፑም አየር የተቀላቀለበትን ነው የሚገፋው። ስለዚህ ዘይት ያበዛ ሰው ዘይት ያነሰበት ሰው የሚደርስበት ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ትርፉ ዘይት በመተንፈሻው ቱቦ አድርጎ ወደ አየር ፊልትሮው ይገባል፣ ከዚያ ተቃጥሎ በማርሚታው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ጓርኒሲዮኖቹም ላብ ማውጣት ይጀምራሉ። ጭሱ ሲታይ «ፋሻ ጨርሷል» ይባላል፤ ሞተሩ ይፈታል። ሁሉም የመጣው ከጎን መቆሚያው ነው።

ልኬቱ ራሱ ይህን ያህል ነው፤ ሞተሩን ሦስት፣ አራት ደቂቃ አስነሥቶ ማቆየት፣ ማጥፋት፣ ዘይቱ ከላይ እስኪወርድ ሌላ ሦስት፣ አራት ደቂቃ መጠበቅ፣ ሜዳ ላይ ቀጥ ማድረግ፣ መለኪያዋን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ከቶ ማውጣት። የመሀል መቆሚያ ያለው በሱ ያቁመው፤ የሌለው ሰው ይያዝለት። ሜዳ ለማግኘት የሕንፃው መግቢያ ሲሚንቶ ይበቃል።

መለኪያዋ ክዳን ያላት ከሆነች ግን አንድ ነገር አለ። በብዙ ሞተሮች ላይ ስትለካ አትጠመዘዝም፤ ቀዳዳው አፍ ላይ ታርፋለች እንጂ። ከተጠመዘዘች ጠልቃ ስለምትገባ ያነሰውን ዘይት በቂ አስመስላ ታሳያለች። ተጠምዝዛ የምትለካባቸውም ሞተሮች ስላሉ መመሪያ መጽሐፉን ማየት ነው። ታዲያ ሁለቱን ስሕተት አንድ ላይ የሚሠራ ሰው ገጥሞኛል፤ ሞተሩን አዝምሞ መለኪያዋን ጠምዝዞ ይለካል። አንዱ አሳንሶ፣ ሌላው አብዝቶ ስለሚያሳይ ተካክሶለት በሰላም ይነዳል። መምከር ጀመርኩና ተውኩት፤ ግማሹን ብቻ ቢሰማኝ ሞተሩን አበላሽበታለሁ።

ዘይት ሲቀየር ደግሞ ሌላው ጠንቅ የዕቃው መጠን ነው። ሱቅ የምናገኘው ባለ 1 ሊትር ዕቃ ነው፤ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው ብዙዎቹ ሞተሮች የሚይዙትም 1 ሊትር ገደማ ነው። ገደማ ማለት ግን ልክ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ከሊትር ያነሰ፣ አንዳንዱ ከሊትር ያለፈ ይወስዳል። መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ይጽፋሉ፤ አንዱ ዘይቱ ተደፍቶ ሲሞላ፣ ሌላው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ሲገጠም። ሲደፋ ሁሉም ስለማይወጣ የመጀመሪያው ያንሳል። ትልቁን ቁጥር አንብቦ የሚሞላ ሰው በየለውጡ ያንኑ ትርፍ ይጨምራል።

ይህ የዘይት ቸልተኝነት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሲጂ 125 የተባለው የሆንዳ ሞተር የተወለደው ከዚሁ ነው። የጃፓኑን ፋብሪካ በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ለታዳጊ አገሮች የሚሸጣቸው ሞተሮች፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍታቸው እየተበላ አስቸገሩት። ካምሻፍቱ ከላይ፣ ከቫልቮቹ ጋር ስለነበር ዘይት ዘግይቶ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። ዘይት ያልተቀየረለት ወይም ያነሰበት ሞተር መጀመሪያ የሚጎዳው እዚያ ነው። መሐንዲሶቹ ሰዉን ማስተማሩን ትተው ሞተሩን ቀየሩት፤ ካምሻፍቱን ወደ ታች፣ ዘይት ወደሚረጭበት አወረዱትና ቫልቮቹን በዘንግ እንዲገፋ አደረጉት። ሲጂ 125 በ1976 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለገበያ ቀረበ። ኋላ ቻይናዎች ያንኑ ሞተር በብዙ ስም እየቀዱ አወጡት፤ እኛም ዘንድ የደረሱት የቻይና ሞተሮች ብዙዎቹ የሱ ዘሮች ናቸው። ይህን የሚያውቅ ሰው «የቻይና ሞተር ነው፣ ቻይ ነው» ሲባል ቢሰማ አይገርመውም። መቻሉ ግን ገደብ አለው። የዚህ ዘር ሞተሮች ብዙዎቹ የሚቀየር የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም። ያላቸው ከታች የብረት ወንፊት፣ ከጎን ደግሞ አብሮ እየዞረ ቆሻሻውን ወደ ግድግዳው የሚወረውር ክብ ቆብ ነው። ወንፊቱ ደቃቁን ቆሻሻ አይዝም። ስለዚህ ዘይቱን በጊዜው መቀየር የግድ ነው። ጊዜው ደግሞ እንደ ሞተሩ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ በ2011 ክረምት መግቢያ ላይ ሞተር ሳይክልን ካገደች በኋላ በከተማዋና በዙሪያዋ ሞተር መዝናኛነቱ ቀርቶ የፈቃድና የሥራ ዕቃ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚያደርስ ሞተር ደግሞ ተነሥቶ ይቆማል፣ ቆሞ ይነሣል። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ቢሆንም ዘይቱ ይደክማል። እንዲህ የሚሠራ ሰው መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ቢቀይር ያተርፋል።

«ዘይቱ ጠቁሯል፣ አልቆለታል» የሚለውን ግን አልቀበልም። ጥሩ ዘይት የሚጠቁረው ቆሻሻውን አንሥቶ ስለያዘ ነው፤ ለዚያ ነው የተገዛው። መፍራት ያለብን የቡና በወተት መልክ ሲይዝ ነው። ሱሉልታን በመሰለ ብርዳም ቦታ የሚያድሩና ጠዋት አጭር መንገድ ብቻ የሚሄዱ ሞተሮች ክዳናቸው ሥር ነጣ ያለ አረፋ ይይዛሉ፤ ውስጡ ያላበው ውኃ ሳይተን ከዘይቱ ጋር ተመቶ ነው። ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነ ረዘም ያለ መንገድ ሞቅ አድርጎ መንዳት ያጠፋዋል። መለኪያዋ ላይም ከታየ ይቀየር።

ዕድሜያቸው ገፋ ካለ ነጂዎች ጋር ስለ ልክ መከራከር ደግሞ ይከብደኛል። እነሱ ሞተር የለመዱት በግብርና ቢሮ ያማሃ ዲቲና ኤጂ 100 ላይ ነው። እነዚያ ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ የሞተር ዘይታቸው በራሱ ጋን ተቀምጦ ከቤንዚን ጋር እየተቃጠለ ያልቃል። እዚያ ጋን ውስጥ አፍ እስኪደርስ መሙላት ትክክል ነበር፤ መጉደሉም ጤና ነው። ያን ልማድ ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ያመጡት ይመስለኛል።

የዘይቱን ዓይነት በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። መኪና ላይ የሞተር ዘይት ሌላ፣ የካምቢዮ ሌላ ነው፤ ፍሪሲዮኑም ደረቅ ነው። ሞተር ሳይክል ላይ ግን ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም በዚያች አንድ ሊትር ውስጥ ይዋኛሉ። አንዳንዱ የዘመኑ የመኪና ዘይት ነዳጅ ለመቆጠብ በጣም የሚያንሸራትት ቅመም አለው፤ ለፍሪሲዮን ይህ መርዝ ነው። ወደ ሱሉልታ በሚወስደው ዳገት ሞተሩ እየጮኸ ጉልበት ሲያጣ ብዙዎች የፍሪሲዮን ሸራ ይገዛሉ፤ የተሳሳተው ዘይቱ ሆኖ ሳለ። ጃፓኖች በ1998 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለዚሁ ሲሉ ጃሶ የሚባል መለያ አወጡ። ዕቃው ጀርባ ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» ወይም «ኤም ኤ 2» የሚል ካለ ለሞተራችን ይሆናል። «ኤም ቢ» ካለ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ላልገባ ስኩተሮች ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው 20 ደብሊው 50 ስለ ውፍረቱ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስለ ፍሪሲዮን ምንም አይልም። ገዢው ግን የሚያነበው እሱን ብቻ ነው።

ዘይት ስትቀይሩ የማፍሰሻውን ቡሎን በጉልበት አታጥብቁት፤ የሚገባው አሉሚኒየም ውስጥ ነው፣ ጥርሱ ይበላል። አዲሱን ዘይት ከልኩ ትንሽ አሳንሳችሁ ሙሉ፣ ሞተሩን አስነሡት፣ አጥፉት፣ ጠብቁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ፣ የጎደለውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ከላይኛው ምልክት ትንሽ ዝቅ ቢል ምንም አይደለም። የተደፋውን በጀሪካን ያዙት እንጂ ቦይ ውስጥ አትልቀቁት፤ የኮዬ ፈጬ ውኃ የሚወርደው ወደ አቃቂ ነው። የተቃጠለ ዘይት ፈላጊ አያጣም። ለአጥር የሚተከል ባሕር ዛፍ እግሩን ምስጥ እንዳይበላው የሚቀቡት አሉ፤ ግንባታ ላይ ያሉትም አርማታው እንዳይጣበቅ ጣውላቸውን ይቀቡበታል። በዕቃው ውስጥ ንጹሕ ዘይት ከተረፈ ክዳኑን አጥብቆ ለሚቀጥለው ማስቀመጥ ነው። ተረፈ ብሎ መጨመር አይገባም።