ውሻን ለማራባት ከመወሰን አስቀድሞ ሊመረመር ስለሚገባው ነገር

ስለ በሬና ስለ በግ፥ ስለ ስንዴ ዘርና ስለ ቡና ችግኝ በእነዚህ ገጾች ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ስለ ውሻ ግን እምብዛም የተባለ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ውሻ አይታረስበትም፥ አይታለብም፥ ቆዳውም ለገበያ አይወጣም። ዳሩ ግን ሌሊት በረቱን የሚጠብቅ፥ ጅብ በመጣ ጊዜ ቤተ ሰቡን የሚያስነሣ እርሱ ስለ ሆነ ከእርሻ ሥራ ውጭ ነው ሊባል አይቻልም። ደግሞም ያለ መጠን በዝቶ ጠባቂ ያጣ እንደ ሆነ በሰውም በከብትም ላይ የሚያመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከአንድ ወረዳ ሹም የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። እኒህ ሰው እንዲህ ሲሉ ጻፉልኝ፦ «ውሻዬ ጠጕሯ ቡላ፥ ደረቷ ሰፊ፥ እጅግም ታማኝ ናት። ባለፈው ክረምት ጅብ በረት ሲጥስ ጮኻ ቀስቅሳን በጎቼ ተርፈዋል። ከእርሷ ዘር እንድሰጣቸው የለመኑኝ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ከከተማ የፈረንጅ ዘር ያለው ትልቅ ወንድ ውሻ አስመጥቼ ላገናኛት አስቤአለሁና ምን ይመክሩኛል?»

መጠየቃቸው ራሱ የሚያስመሰግን ነው፤ ብዙዎቻችን ቡችሎቹ ከተወለዱ በኋላ ነውና የምናስበው። ነገር ግን የውሻይቱ መልካምነት የነገሩ መጀመሪያ አይደለም። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «የሚወለዱት ወዴት ይሄዳሉ?» የሚለው ነው። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ያህል ነው፤ በአንድ ጊዜም አምስት ወይም ስድስት፥ አንዳንድ ጊዜ እስከ አሥር ትወልዳለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች። እንግዲህ ስድስት ወልዳ ሦስቱ ሴቶች ቢሆኑ፥ እያንዳንዳቸውም በሚመጣው ዓመት ስድስት ስድስት ቢወልዱ፥ እናቲቱ ዳግመኛ ሳትወልድ እንኳ ከእርሷ የተነሣ 24 ውሾች ይቈጠራሉ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚመግብ ማን ነው?

የራሴን ጥፋት ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ሴት ውሻ ነበረችኝ፤ ወዳጆቼም «አንዱን ለኔ፥ አንዱን ለኔ» እያሉ ስለ ለመኑኝ ደስ ብሎኝ አገናኘኋት፤ ሰባት ወለደች። ቡችሎቹ ባደጉ ጊዜ ከለመኑኝ ሰዎች የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ሚስቱ እንደማትፈቅድ ነገረኝ፤ ሌላው ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ነበር፤ የቀሩትም መልስ አልሰጡኝም። እኔም መኖ አስቸግሮኝ የቀሩትን በገበያ መንገድ ላይ እጁን ለዘረጋ ሁሉ አደልሁ፤ ስም አልጠየቅሁም፥ ቤት አላየሁም። ከእነርሱ አንዱ የወሰደው ሰው ሳያስከትበውና ሳያስረው ቀርቶ ውሻው በዓመቱ አበደ፤ ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅም ነከሰ። አባቱ በዚያው ቀን በበቅሎ ወደ ከተማ አድርሶ መርፌ ስላስወጋው ልጁ ዳነ። አባቱ ግን በኋላ ባገኘኝ ጊዜ አልወቀሰኝም፤ «የርስዎ ዘር ነበረ አሉ» ብቻ ብሎኝ አለፈ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ለሹማምንት ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ጥቂት ነገር ዘወትር ይዘነጋል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ቢባል ይቀላል፤ ሞት ነው። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ሊከለከል ይችላል፤ ይህም ሉዊ ፓስተር በፈረንጅ አቈጣጠር በ1885 የተነከሰውን ልጅ በፓሪስ ከከተበ ጀምሮ የታወቀ ነው። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በየአገሩ ሥር የሚምሱ ሰዎች አሉ፤ ጠበልም አለ። እኔም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና ጸሎትን የምንቅ አይደለሁም፤ መርፌው ግን በዚህ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘገይ እለምናለሁ። ውሻውም በሦስት ወሩ ይከተባል፥ በዓመቱም ይደገማል። በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶ ሰባው የተከተቡ እንደ ሆነ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ሳይከተቡ በየጊዜው የሚወለዱ ቡችሎች ግን ይህን ልክ ያወርዱታል፤ ማራባትና ክትባት የማይነጣጠሉትም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በዝምታ የሚመጣው ነው። በግ ወይም በሬ ሲታረድ በሳንባና በጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ይህን አውጥተን ለውሻ እንጥላለን፤ በውሻው አንጀት ውስጥም ጥቃቅን ትል ይሆናል። የትሉ እንቍላል ከኵሱ ጋር በግጦሽ ላይ ይወድቃል፤ በጉ ይበላዋል፤ ውሻ ዳስሶ እጁን ያልታጠበ ልጅም ይውጠዋል፤ በሰውም ጉበት እንዲሁ ያለ እባጭ ያበቅላል። ስለዚህ ብዙ ውሻ የሚያኖር ባለ መሬት እንዲህ ያለውን ሥጋ ይቅበር ወይም ያቃጥል እንጂ ለውሻ አይጣል፤ ለውሾቹም ከከብት ሐኪም ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ያሰጥ።

ደጋ አገር ለሚያስተዳድሩ ደግሞ የባሌን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ አይገኝም፤ ካለውም ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ተራራዎች ይኖራል፤ የቀረው በአርሲ፥ በመንዝ፥ በወሎና በሰሜን ተራራዎች የተበተነ ነው። ቍጥሩ በጥቂት መቶዎች የሚገመት እንስሳ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1991ና በ1992፥ እንደገናም በ2003፥ ከዚያም በ2008ና በ2009 የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ቀበሮዎች ገብቶ እጅግ ጨረሳቸው፤ በ2006ና በ2010 ደግሞ ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ፈጃቸው። ሁለቱም ደዌ የመጣው እረኞች ይዘዋቸው ከሚወጡ ውሾች ነው። ከዚህም በላይ በወብ ሸለቆ ቀበሮዎች ከመንደር ውሾች ጋር ተዳቅለው እንደ ተገኙ በደማቸው ምርመራ ተረጋግጧል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር አንድ ሰው ሴት ውሻውን ሳያስር ቢተዋት የሚጐዳው የራሱ ቤት ብቻ አይደለም፤ እግዚአብሔር ለዚህ አገር ለብቻው የሰጠው ፍጥረት ነው።

ይህን ሁሉ አስቦ ማራባት ይገባል ብሎ የወሰነ ሰው ቢኖር ወደ ውሻይቱ ይመለስ። ብዙ ሰው «አንድ ጊዜ ካልወለደች ትታመማለች» ይላል፤ ይህ ስሕተት ነው። መውለድ ለጤናዋ አያስፈልጋትም፤ እንዲያውም በሐኪም እጅ ማህፀኗ የወጣላት ውሻ በማህፀን መግል አትሞትም፥ በወጣትነቷ የተደረገላት እንደ ሆነም በጡት እባጭ የምትያዘው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። የምትገናኝ ብትሆን ሁለት ዓመት ያህል ይሙላት፤ በመጀመሪያ ወንድ በፈለገችበት ጊዜ ገና ልጅ ናትና ትለፍ። በፍርሃት የምትናከስ ከሆነች አታራቡአት፤ ጠባይም ይወረሳል። እኅትን ከወንድም፥ አባትን ከልጅ ማገናኘት የተሰወረ ደዌ ያወጣል። የጀርመን እረኛ የሚባለውን የመሰለ ትልቅ ዘር የዳሌ አጥንት በሽታ ይወርሰዋል፤ ይህም በዓይን አይታይም፥ በራጅ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ የፈረንጅ ዘር መሆኑ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ወንዱም ሴቷም ብሩሴላ የሚባለው የሚያስወርድ በሽታ እንዳይኖርባቸው ደማቸው ይመርመር።

በምትወልድበት ጊዜ ሰው አጠገቧ ሊኖር ይገባል። ሠላሳ ደቂቃ አጥብቃ አምጣ ቡችላ ያልወጣ እንደ ሆነ፥ ወይም አንዱ ከወጣ በኋላ ሌላ ቀርቶ ሁለት ሰዓት ያለፈ እንደ ሆነ፥ ወይም ከመጀመሪያው ቡችላ በፊት አረንጓዴ ፈሳሽ የታየ እንደ ሆነ ሐኪም ይጠራ። ሐኪሙ የሁለት ቀን መንገድ የሚርቅበት አገር ከሆነ ግን ይህን አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ እኔ በዚያ አገር ብኖር አላገናኛትም። ከወለደች በኋላ የምትንቀጠቀጥና የምትንገዳገድ ብትሆን በወተት ምክንያት ካልሲየም ጐድሎባት ነውና ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ትወሰድ። ቡችሎቹ በመጀመሪያው ቀን እንገሩን ይጥቡ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቶች ገላቸውን ራሳቸው ማሞቅ አይችሉም፤ በደጋ ሌሊት ደረቅ ገለባና ነፋስ የማይገባበት ማዕዘን ካላገኙ በብርድ ያልቃሉ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይለዩ፤ እስከዚያም ድረስ የትል መድኃኒት በየሁለት ሳምንቱ ይስጣቸው።

ለሹሙ የመለስሁላቸው ከዚህ አጠር ያለ ነበር። በመጨረሻም ለለመኑአቸው ለዘጠኙ ሰዎች ሦስት ጥያቄ እንዲያቀርቡ አሳሰብኋቸው፤ ይኸውም ሌሊት የት ያድራል? ምን ይበላል? ክትባቱን ማን ያስደርጋል? የሚል ነው። ከሁለት ወር በኋላ መልስ ጻፉልኝ። ከዘጠኙ አምስቱ ነገሩን ትተውታል። ከቀሩት አራት ሁለቱ በገበያው ዳር ጠባቂ አጥተው ከሚዞሩት ቡችሎች አንዳንድ ወስደው አስከትበዋል፤ ሁለቱ ግን «ከቡላይቱ ዘር ካልሆነ አንፈልግም» ብለው እየጠበቁ ነው። የከተማውን ውሻ ባለቤት ስለ ራጁና ስለ ደሙ ምርመራ ቢጠይቁት ተቈጥቶ እንደ ነበረም ጨምረው ነገሩኝ። ውሻይቱ በዚህ ዓመት አልተገናኘችም፤ ወንድ በምትፈልግበት ሦስት ሳምንትም በጎተራው ውስጥ ተዘግታ ቈይታ ልጆች ምግብ ያቀብሏት ነበር። ነገሩን ለመስከረም ቀጥረውታል፤ በዚያው ወር የከብት ሐኪሙ ወደ ወረዳቸው ስለሚወርድ የመንደሩ ውሾች ሁሉ በገበያ ቀን እንዲከተቡ ትእዛዝ አስነግረዋል።