የአንበጣ መንጋ ባደረበት ሌሊት ስለሚሠራ ሥራ

ከመንግሥት ሥራ አብዛኛው ቀጠሮው በሰው የተቈረጠ ነው፤ ቢዘገይም ደብዳቤ ተጽፎ ቀኑ ይራዘማል። የአንበጣ ቀጠሮ ግን እንደዚህ አይደለም። መንጋው ፀሓይ ልትጠልቅ ስትል በዛፍና በአዝመራ ላይ ያርፋል፤ ብርዱም ስለሚያደነዝዘው ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ያድራል። በማግሥቱ ፀሓይ አካሉን ካሞቀችው በኋላ፥ በቈላ አገር ከጧቱ በሦስት ሰዓት ገደማ፥ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ነፋስ ከቀናውም በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል። ስለዚህ ማታ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ወሬው የደረሰው የወረዳ ሹም ያለው ጊዜ አንድ ሌሊትና ጥቂት የማለዳ ሰዓት ብቻ ነው።

ጉዳቱን ለማወቅ ቍጥሩን መመልከት ይበቃል። አንዱ የበረሓ አንበጣ በቀን የክብደቱን ያህል፥ ማለት ሁለት ግራም የሚያህል፥ ይበላል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ያረፈ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል፤ ከዚህም እኩሌታው ብቻ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል ይፈጃል። በፈረንጆች 1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የጠፋው እህል 167,000 ቶን ሲሆን፥ አንድ ሚሊዮን ሰው ለዓመት ሊቀልብ የሚችል ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በወሎና በራያ መንጋው ሲያርፍም ማሽላውና ጤፉ ለአጨዳ ተቃርቦ ነበር።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ ብዙዎች አስቀድመው የሚያደርጉት ሕዝቡን በጥሩንባ ጠርቶ ጅራፍ ማስጮኽና ቆርቆሮ ማስመታት ነው። ገበሬው ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም፤ ማሳው ነውና። ሹም ግን ጩኸት አንበጣውን ወደ ጎረቤት ማሳ ከመንዳት በቀር እንደማይገድለው ሊያውቅ ይገባዋል። ሌሊቱን ሲጮኽ ያደረ ሰው ደግሞ በማለዳ ለአጨዳ ጉልበት አይኖረውም፤ የደረሰ አዝመራ ባለበት ስፍራ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ አጨዳው ነው።

ከዚያች ሌሊት ሥራ ዋናው ወሬውን በትክክል ማስተላለፍ ነው። «እጅግ ብዙ አንበጣ ስለ መጣ በአስቸኳይ ይደረስልን» የሚል ቃል፥ አስቸኳይ የሚለው ሦስት ጊዜ ቢደገም ስንኳ፥ ለመርጫው ሠራተኛ ምንም አይነግረውም። ይልቁንም «ዛሬ በ11 ሰዓት ከወንዙ በስተ ምሥራቅ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው የማሽላ እርሻ ላይ አርፏል፤ ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት፥ ወርዱ ሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ቀለሙ ቢጫ ነው» ቢባል፥ ሠራተኛው በሌሊት ተዘጋጅቶ ጎሕ ሲቀድ ከስፍራው ይደርሳል። ቀለሙ የሚጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀላ ያለው ገና ለጋ ነው፤ ቢጫው ግን እንቁላል ለመጣል የደረሰ ነው። አውሮፕላን የሚላክ እንደ ሆነ፥ ስፍራው ተሳስቶ ከተነገረ አብራሪው ሲፈልግ ሰዓቱ ያልፍበታል።

መንጋውን የሚጠብቅ ሰው፥ ሠራተኛውን ከመንገድ ተቀብሎ የሚመራም ሌላ ሰው በዚያው ሌሊት ይመደባል። ንብ ያላቸው ቀፏቸውን እንዲዘጉ፥ ከብት ያላቸውም መድኀኒት ወደሚረጭበት መስክ እንዳያሰማሩ ይነገራቸዋል። ይህ ትእዛዝ ከርጭቱ በኋላ ቢደርስ ጥቅም የለውም።

በዚህ መካከል ከበላይ መሥሪያ ቤት የጉዳት ሠንጠረዥ «እስከ ነገ ጧት ተሞልቶ ይላክ» የሚል ትእዛዝ የመጣ እንደ ሆነ፥ ሹሙ «ስፍራው ይህ ነው፤ ሠንጠረዡ ከርጭቱ በኋላ በዚህ ቀን ይደርሳል» ብሎ ቀኑን ለይቶ ቢመልስ እንደ ቸልታ ሊቈጠርበት አይገባም። ጸሓፊዎቹን ሁሉ ለሠንጠረዥ አስቀምጦ መንገድ መሪ ያጣ ወረዳ ግን ጥፋተኛ ነው። ሠንጠረዥ የሚጠይቁትም ቢሆኑ መንጋው ያረፈበት ሌሊት የመቍጠሪያ ጊዜ አለመሆኑን ቢያስቡ መልካም ነው።

መንጋው ከባሕር ማዶ በርሮ ሲመጣ ወረዳው ከዚህ የሚበልጥ ጊዜ የለውም። በአገር ውስጥ የተፈለፈለው ግን ብዙ ቀን ይሰጣል። ሴቲቱ እንቁላሏን እርጥበት ባለው አሸዋማ መሬት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ትጥላለች፤ በሞቃት አገር ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ ኩብኩባ ይወጣል። ኩብኩባው ክንፍ እስኪያበቅል አንድ ወር የሚያህል በእግሩ እየዘለለ ይሄዳል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ጕድጓድ ቈፍሮ ወደ እርሱ እየነዱ መቅበር ወይም ሳይቻኰሉ መርጨት ይቻላል። ቢጫ መንጋ ባደረበት ቀበሌ የእርሻ ሠራተኛው ስፍራውን በድንጋይ ምልክት አድርጎ፥ ከዐሥረኛው ቀን ጀምሮ በየማለዳው እየሄደ መሬቱን ሊመለከት ይገባዋል።