ኤሌክትሮን ስለ ተባለው ርካሽ የቤት ኮምፒዩተር

ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ዕቃ ሲገዛ ሁለት ነገር ሊመረምር ይገባዋል። አንደኛው ዋጋው የቀነሰው ከዕቃው ላይ ምን ተቀንሶ እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛውም ዕቃው በሚያስፈልግበት ጊዜ መገኘቱ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን በእንግሊዝ አገር የተደረገ ነገር ስላለ ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

በኬምብሪጅ ከተማ አኮርን የሚባል ኩባንያ ነበረ። ይህ ኩባንያ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ቢቢሲ ማይክሮ የተባለውን ኮምፒዩተር አወጣ። ኮምፒዩተሩ ቢቢሲ የተባለው የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ሕዝቡን ለማስተማር የመረጠው ስለ ሆነ በብዙ ትምህርት ቤት ገባ። ነገር ግን የተሟላው ዓይነት 399 ፓውንድ ያወጣ ስለ ነበረ፥ ልጁ የተማረበትን መሣሪያ በቤቱ ሊያኖርለት የወደደ ብዙ አባት አቅሙ አልፈቀደለትም።

ስለዚህ ኩባንያው በ1983 ዓ.ም. ኤሌክትሮን የተባለውን በ199 ፓውንድ አወጣ። ብልሃቱም በታላቁ ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ ቺፖች ተከፋፍለው የሚሠሩትን ሥራ በአንድ ቺፕ መሰብሰብ ነበረ። በዚህም ፍጥነቱ አነሰ፤ በአንድነት ያሰማቸው የነበሩት ልዩ ልዩ ድምፆችም ወደ አንድ ወረዱ። ነገር ግን 32 ኪሎባይት የሆነው ማኅደሩ፥ መልካሙ የፊደል መምቻ ገበታና ቤዚክ የተባለው የትእዛዝ ቋንቋ አልተነኩም። ስለዚህ ልጁ በትምህርት ቤት የጀመረውን በቤቱ ሊቀጥል ቻለ። ቅነሳ ማለት እንዲህ ሲሆን መልካም ነው እንላለን፤ ትርፉ ተነሥቶ ፍሬው ቀርቷልና።

ዳሩ ግን ያን አንድ ቺፕ በብዛት መሥራት ለፋብሪካው አስቸገረ። በዚያው ዓመት የልደት በዓል ሲደርስ ለልጆቻቸው ስጦታ ያዘዙ ወላጆች ብዙዎች ሲሆኑ፥ ከገበያ የደረሰው ዕቃ እጅግ ጥቂት ሆነ። በሚከተለው ዓመት ዕቃው ሲበዛ የገዢው ፍላጎት ቀዝቅዞ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። ያልተሸጠውም በመጋዘን ተከማቸ፤ ኩባንያው ተቸግሮ በ1985 ዓ.ም. እኩሌታ የሚጠጋውን ድርሻውን ኦሊቬቲ ለተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ሰጠ።

ከዚያ በኋላ የኤሌክትሮን ዋጋ ወረደ፤ ለሠሪው ጉዳት የሆነው መዘግየት ለታገሠው አባት ጥቅም ሆነለት። ሆኖም አባት ሁሉ ይህን ያስብ። ዋጋው የወረደ ዕቃ ቆይቶም ይገኛል፤ ልጅ ለመማር የጓጓበት ዓመት ግን ካለፈ በገንዘብ አይመለስም።