ለ18 ዓመት ልጅ የትኛው መኪና ይሻላል?

በአገራችን ሕግ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ስለዚህ የልጅ የመጀመሪያ መኪና ወሬ ቤት ውስጥ የሚነሳው ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወይም ሥራ ሲይዝ ነው። አብዛኛው ወላጅ ያኔ የሚያስበው «ቢያጋጨውም የማያስቆጭ ይሁን» ብሎ ነው። አሮጌው መኪና ለልጁ ይሰጥና አባት አዲሱን ይይዛል። እኔ ግን መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው ባይ ነኝ። ብዙ ዓመት የነዳ ሰው እግረኛው መንገድ ውስጥ ሊገባ ሲያስብ ገና ከሩቅ ያውቅበታል። ጀማሪው የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው። የጥሩ ፍሬንና የኤርባግ እርዳታ አብልጦ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

እኛ ያለንበት የአዲስ አበባው ጉለሌ ደግሞ ለጀማሪ የሚራራ ሰፈር አይደለም። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው ዳገት ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ያደርሳል። የወጣ መኪና ደግሞ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ እዚህ ሰፈር መኪና ሲገዛ ከሞተሩ በፊት መታየት ያለበት ፍሬኑ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቀቅ ሲረገጥ ሸራው ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት ሳይቀየር የቆየ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ባዶ ሆኖ እስከ ታች ይወርዳል። ሹፌሮች «ፍሬን እምቢ አለኝ» ከሚሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ከፍታውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። እግራችንን የሚያግዘው የፍሬን ሰርቮ በአብዛኛው የቤንዚን መኪና ላይ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ የሚወርድ ሰው ይህንኑ የቀረውን እገዛ ጭምር ያጣል፤ መሪውም ይከብደዋል። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድን ይልመድ። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነም ዝቅተኛውን ማርሽ መያዣ ቦታ አለው፤ የት እንደሆነ አሳዩት።

ወደ ገበያው ስንመጣ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ዛሬ ገበያው ላይ ያለው ምርጫ በአብዛኛው ሁለት ነው፦ አገር ውስጥ ሲሽከረከር የኖረ የቶዮታ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ፣ አለዚያም ከቻይና የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና።

አሮጌውን ለሚገዛ፦ ቪትዝ በዚህ ስሙ ለጃፓን ገበያ የተሠራ፣ መሪው በቀኝ የነበረ መኪና ነው። እኛ ጋ የሚነዳው መሪው ወደ ግራ ተዛውሮለት ነው። በዚህ ሥራ ዳሽቦርዱ ይፈታል፤ ኤርባጉ በትክክል መመለሱን ደግሞ በዓይን ብቻ ማወቅ አይቻልም። ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ የዳሽቦርዱ መብራቶች እስኪበሩ ድረስ አዙሩና የኤርባግ መብራቱን ተመልከቱ። ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎት ሊሆን ይችላል፤ እኔ የበለጠ የምፈራው ይህንን ነው። ኤርባጉ ቢኖርም፣ ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ሙቀትና እርጥበት ሲያገኛቸው ከዓመታት በኋላ ፈንድተው የብረት ስብርባሪ ይረጩ ስለነበር በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎችም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን ጠይቁ።

ቀበቶውን በእጃችሁ በድንገት ሳቡት፤ ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። የኋላ ወንበሩንም እንዲሁ፤ ብዙ መኪና ላይ የኋላው ቀበቶ ወንበሩ ሥር ተቀብሮ ነው የሚገኘው። ጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የታተመ ቁጥር አለ፦ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2019 (እ.ኤ.አ.) 23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ያረጃል።

የመኪናው ስም ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የመኪና ደኅንነት መርማሪ ድርጅት ኤርባግ የሌለውን የሕንዱን ማሩቲ ሱዙኪ አልቶ 800 በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አጋጭቶ ዜሮ ኮከብ ሰጠው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የዚያው ኩባንያ አዲሱ ዲዛየር 5 ኮከብ አገኘ። ስለዚህ «ሱዙኪ ነው» ወይም «ቢዋይዲ ነው» የሚለው የደላላ ቃል ምንም አይነግረንም፤ ሞዴሉን፣ የተሠራበትን ዓመትና ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ መጠየቅ አለብን። አውሮፓ ውስጥ 5 ኮከብ ያገኘ የኤሌክትሪክ መኪና ለቻይና ገበያ ሲሠራ የኤርባጉ ቁጥር ሊቀንስ ይችላል።

ከኤርባግ ቀጥሎ የምፈልገው መኪናው ሲንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን እየያዘ የሚያቃናውን የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው። አሜሪካ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ በግዴታ አስገብታዋለች። በክረምት ለሚያንሸራትተው የሰፈራችን የቁስቋምና የቀጨኔ ቁልቁለት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ቶዮታ ላይ ዳሽቦርዱን ስታዩ «ቪኤስሲ» የሚል ጽሑፍ ካለ ይኸው ነው።

የኤሌክትሪኩ መኪና ቁልቁለት ላይ እግር ሲነሳ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ስለሚሞላ ፍሬኑ ያርፋል። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከእንጦጦ ከተነሳ ግን ይህ እገዛ በጣም ይቀንሳል። ሌላው ችግር ጉልበቱ ነው፤ እንደ ተረገጠ ይወረወራል። ለጀማሪ አነስተኛ ጉልበት ያለውን ምረጡ፤ «ኢኮ» የሚለው አነዳድ ላይም ይቆይ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ40 ከሚሄደው ከእጥፍ በላይ የመምታት ኃይል አለው። መንገዱ ዳር ደግሞ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ ቀና ብለው መኪና ለማየት ሸክሙ አይፈቅድላቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ኮፈኑ ከፍ ያለ፣ ከፊቱ ያለውን ሕፃን የሚሸፍን ትልቅ መኪና ለልጅ አልመክርም።

ከመኪናው ሌላ አብሮ የሚሳፈረውም ሰው ለውጥ ያመጣል። አሜሪካ ውስጥ ስለ ትራፊክ ደኅንነት የሚያጠናው የኤኤኤ ፋውንዴሽን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ የ16 እና የ17 ዓመት ሹፌር ሦስትና ከዚያ በላይ ወጣቶችን ሲጭን የመሞት አደጋው አራት እጥፍ ይሆናል፤ 35 ዓመት የሞላው ወይም ያለፈው ሰው አብሮት ሲኖር ግን በ62 በመቶ ይቀንሳል። የኛዎቹ ሹፌሮች በዕድሜ ትንሽ ከፍ ቢሉም፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጓደኞቹን ሰብስቦ እንጦጦ ፓርክ እንዳይወጣ ተነጋገሩ። በነዚያ ወራት አባት ወይም እናት ጎኑ ይቀመጡ።

መድኑም አይረሳ፦ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ቢሆንም የሚከፍለው ልጁ ለጎዳው ሰውና ንብረት እንጂ ለራሱ መኪና አይደለም። ሙሉ መድን ስትገቡ ወጣትና አዲስ መንጃ ፈቃድ ያለውን ሹፌር የሚመለከተውን አንቀጽ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ መኪናውን የሚነዳው ልጁ መሆኑንም ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቁ።