የግንባር ትእምርትና የካንቺፑራም ሙግት

በህንድ አገር የሂንዱ ሃይማኖት ተከታይ ማለዳ በውሃ ነጽቶ ለጸሎት ሲቆም በግንባሩ ላይ የሚያኖረው ዐመድ፣ ነጭ አፈር ወይም ቀለም በጥቅሉ ቲላክ ይባላል፤ ባዕድ ሰው ይህን ትእምርት ብዙ ጊዜ ከጌጥ ቈጥሮት ሲያልፍ፣ የአገሩ ተወላጅ ግን ከመስመሩ አቀማመጥ ብቻ የባለቤቱን አምልኮ፣ አንዳንድ ጊዜም የመምህራኑን ሐረግ ሳይቀር ያነባል።

ሺቫን የሚያመልኩት ከደረቀና ከተቃጠለ የላም እበት በሚገኘው፣ ቪቡቲ በሚባለው ዐመድ ሦስት አግድም መስመሮችን ይቀባሉ፤ የሦስቱን መስመሮች ምሥጢር ሊቃውንታቸው በልዩ ልዩ መንገድ ቢተረጕሙትም፣ ዐመዱ ራሱ ሥጋ ሁሉ የሚደርስበትን ፍጻሜ ለኅሊና የሚያሳስብ መሆኑን ሁሉም ይስማሙበታል። ቪሽኑን የሚያመልኩት ግን መስመራቸው ወደ ላይ የቆመ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በጉጃራት ካለችው ከድዋርካ አጠገብ የሚወጣውን የተቀደሰ አፈር ይጠቀማሉ። ሴቶች በቅንድቦቻቸው መካከል የሚያኖሩት ቀይ ነጥብ በጥንቱ ልማድ ከእርድና ከኖራ በሚዘጋጀው ኩምኩም የሚሠራ ሲሆን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ይህን ቀይ ቀለም እንድትተው ሥርዐቱ ማስገደዱ፣ በሐዘኗ ላይ የሰው ዐይን የሚያርፍበት ሌላ ሐዘን የጨመረባት ስለሆነ፣ የተቃወሙት ህንዳውያን እውነት እንዳላቸው አምናለሁ።

ይህን ትእምርት ማቃለል ምን ያህል ደም እንደሚያፈስ የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በደቡብ ህንድ በሚገኘው በቬሎር ምሽግ ተምሮታል። በ1805 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የማድራስ ጦር አዛዦች ለህንዳውያን ወታደሮች አዲስ የልብስ ደንብ ሲያወጡ፣ ሂንዱው በሰልፍ ላይ የግንባር ምልክቱን እንዲተው፣ ሙስሊሙም ጢሙን እንዲላጭ፣ ሁሉም የቆዳ ጌጥ ያለበትን አዲስ ቆብ እንዲደፉ አዘዙ። ሐምሌ 10 ቀን 1806 (እ.ኤ.አ.) ሌሊት ወታደሮቹ ተነሥተው ከመቶ በላይ እንግሊዛውያንን ገደሉ፤ በዚያው ቀን ከአርኮት የደረሰው ፈረሰኛ ጦር ምሽጉን አስመልሶ ከዐመፀኞቹ ብዙ መቶዎችን ፈጀ። በምሽጉ ተግዘው የነበሩት፣ በኩባንያው የተሸነፈው የማይሶር ገዥ የቲፑ ሱልጣን ልጆች ስማቸው በነገሩ መነሣቱ እውነት ቢሆንም፣ ወታደሩ ያመረረበትን ትእዛዝ ያወጡት አዛዦቹ እንጂ እነርሱ አልነበሩም። ደንቡ ተሻረ፤ አገረ ገዥው ዊልያም ቤንቲንክና የጦር አዛዡ ጆን ክራዶክም ወደ አገራቸው ተጠሩ።

ከውጭ የመጣው ጠብ እንዲህ በአንድ ቀን ሲያልቅ፣ በአንድ እምነት ልጆች መካከል የተነሣው ግን በታሚል ናዱ ከተማ በካንቺፑራም፣ ቫራዳራጃ ፔሩማል በሚባለው የቪሽኑ ቤተ መቅደስ፣ ከኩባንያው ዘመን ጀምሮ እስከ ዘመናችን ዘልቋል። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩትን ራማኑጃን አባት የሚያደርጉት የሽሪ ቫይሽናቫ ምእመናን፣ ቬዳንታ ዴሲካን የሚከተሉ ቫዳካላይና ማናቫላ ማሙኒን የሚከተሉ ቴንካላይ ተብለው በሁለት ተከፍለዋል። ሁለቱም በግንባራቸው የሚስሉት የቪሽኑን እግር የሚያመለክቱ ሁለት ነጭ መስመሮችንና በመካከላቸው የእንስቲቱን አምላክ የላክሽሚን ቀይ ወይም ቢጫ መስመር ነው፤ ልዩነቱ የቫዳካላይ ነጭ መስመሮች በቅንድቦች መካከል ጐብጠው ሲገናኙ፣ የቴንካላይ ግን እስከ አፍንጫ የሚወርድ እግር ያላቸው መሆኑ ነው።

በትምህርትም የተለያዩበት ነገር ጥልቅ ነው። ቫዳካላይ ነፍስ የጦጣ ግልገል እናቱን አጥብቆ እንደሚይዝ በበኩሏ አምላኳን መያዝ ይገባታል ሲሉ፣ ቴንካላይ ደግሞ ድመት ግልገሏን በአፏ አንጠልጥላ እንደምትወስድ ሁሉ ጸጋው ያለ ነፍስ ተጋድሎ ያድናል ይላሉ። ሰው በሥራው ይድናል ወይስ በጸጋ ብቻ የሚለውን ክርክር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ጥያቄ ቀላል እንደማይለው አልጠራጠርም።

ይሁን እንጂ ሙግቱን ያከረረው የነፍስ መዳን ጥያቄ ሳይሆን፣ በአምልኮው ሰዓት በፊት መስመር ተቀምጦ አልዋሮች የሚባሉትን የቪሽኑ ቅዱሳን ባለቅኔዎች የታሚል መዝሙራት የሚያዜመው ማን ነው፣ የተቀደሰውን ውሃ አስቀድሞ የሚቀበለውስ ማን ነው የሚለው የክብር ጥያቄ ነበረ። በቤተ መቅደሱ ዝሆን ግንባር ላይ የትኛው ምልክት ይሳል የሚለው እንኳ ለዳኛ እስከ መቅረብ የደረሰው፣ የዝሆኑ ግንባር የቤተ መቅደሱን ባለቤትነት ለሕዝብ የሚናገር ሰሌዳ ስለሆነ ነው። የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ19ኛው መቶ ዓመት የዜማውን መብት ለቴንካላይ ወገን ካጸና በኋላም፣ ቫዳካላይ የአምልኮ መብታችን ታገደ ብለው መከራከራቸውን አልተዉም።

በእኔ አስተያየት ዳኞች ሊወስኑ የሚችሉት የመቀመጫና የተራ ነገር እንጂ የጸጋንና የተጋድሎን ጥያቄ ስላልሆነ፣ አንዱን መምህር አባት የሚያደርጉት የሁለቱ ወገን ሊቃውንት ዜማውን በየተራ ወይም በአንድነት ለማድረስ ራሳቸው ቢስማሙ ከፍርዱ ሁሉ የሚሻል ነው። ነገር ግን እስከዚህ አልደረሱም፤ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ይኸው የዜማ መብት በዚያው ፍርድ ቤት እንደገና ታይቷል።