ስኪም፣ አስኬማና ሴራ

ቃል እንደ ሰው ከአገር ወደ አገር ይሰደዳል፤ በደረሰበትም አገር አንዱ ይከብራል፣ ሌላው ይዋረዳል። ይህን ያሳሰበን በመቀሌ ከተማ፣ በቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ የተነሣ ክርክር ነው። በቅርቡ በመሥሪያ ቤት የተቀጠረ ጓደኛችን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሲያነብ «የጡረታ ስኪም» ከሚል ላይ ደረሰና፣ «ስኪም ማለት ተንኮል አይደለምን? በጡረተኛ ላይ ደግሞ ምን ሊያደርጉበት ነው?» ሲል ጠየቀን። ሳቅን፤ ነገር ግን ጥያቄው ተስቆበት የሚታለፍ ሆኖ አላገኘነውም።

ስኪም ከግሪክኛው ስኬማ የመጣ ቃል ነው። ስኬማ መልክ፣ ቅርጽ፣ ሁናቴ ማለት ሲሆን ሥሩ «መያዝ» ከሚለው ግሥ ነው። በላቲን በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የአንድን ነገር ቅርጽ የሚያሳይ ንድፍ ተባለ፤ ቀጥሎም የሥራ ዕቅድ ሆነ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የተንኮል ዕቅድ የሚል ትርጉም ጨመረ። እነሆ ዛሬ ሁለቱንም ተሸክሞ ይኖራል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. የተፈጸመውና የአባይን ውኃ ከሴናር ጠልፎ የሱዳንን የጥጥ እርሻ የሚያጠጣው ታላቅ መስኖ የገዚራ ስኪም ይባላል። በ45 ቀን ውስጥ 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ እያለ የኋለኛውን ገንዘብ ለፊተኛው ሲከፍል የኖረው ቻርልስ ፖንዚም እ.ኤ.አ. በ1920 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ሲጋለጥ የማታለል ዘዴው ያው ስኪም ተባለ። እንግዲህ ጡረታውም መስኖውም ማጭበርበሩም በአንድ ስም ይጠራሉ ማለት ነው።

የሚያስደንቀው ግን የዚሁ ቃል እኅት በእኛው አገር መገኘቷ ነው። ያው ስኬማ ወደ ግእዝ ሲገባ አስኬማ ሆነ። አስኬማም መነኩሴ ከቅናትና ከቆብ በኋላ የሚቀበለው የምንኵስና ልብስ ነው፤ «አስኬማ መላእክት» እየተባለም ይከበራል። በለንደን የነጋዴ ሂሳብ የሆነው ቃል በደብረ ዳሞና በሌሎች ገዳሞቻችን የቅድስና መልክ ሆኖ ይኖራል።

የእኛው ሴራም ከዚህ የተለየ ዕድል አልገጠመውም። በአማርኛ ሴራ ሲባል ጨለማና ሹክሹክታ ይታየናል። ሆኖም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ «የልብ ወለዱ ሴራ» ሲል ድርጊቶቹ በምክንያትና በውጤት የተያያዙበትን አሠራር ማለቱ ነው እንጂ ደራሲውን መክሰሱ አይደለም። በኦሮምኛ ደግሞ ሴራ ማለት ሕግ ነው። አድማም እንዲሁ ነው፤ ጥንት የሚያስከስስ ቃል ነበረ፤ ዛሬ ግን «የሥራ ማቆም አድማ» የምንለው ነገር በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የሠራተኛ መብት ሆኖ ተጽፏል።

ከዚህ በኋላ ክርክራችን ወደ ተቀመጥንበት ሰፈር ስም ዞረ። ቀዳማይ በትግርኛ የመጀመሪያ ማለት ነው። ወያነ የሚለውን ቃል የታሪክ ጸሐፊዎች የራያ ወጣቶች በሁለት ወገን ተከፍለው ከሚጋጠሙበት ጨዋታ ጋር ያያይዙታል። በ1935 ዓ.ም. በግብርና በሹማምንት በደል የተማረሩ ገበሬዎች ተማክረው ተነሡ፤ ብላታ ኃይለ ማርያም ረዳም መሪያቸው ሆኑ። መንግሥት ነገሩን ዓመፅ አለው፤ ገበሬዎቹ ግን ወያነ አሉት። በመስከረም 1936 ዓ.ም. በራስ አበበ አረጋይ የሚመራው ጦር ሲዘምትባቸው የእንግሊዝ አውሮፕላኖችም ከዓደን ተነሥተው መቀሌን በቦምብ ደበደቡ። ገበሬዎቹ ተሸነፉ። በዚያ ጊዜ በወንጀል ስም የተጠራው ምክር ዛሬ የክፍለ ከተማ ስም ነው።

ታዲያ ዕቅድን ከሴራ የሚለየው ምንድን ነው? ስም አውጪው ብቻ ነውን? ስም አውጪው ብርቱ መሆኑን ከላይ አይተናል። አሸናፊ የተሸናፊውን ምክር ሴራ ይለዋል፤ የራሱን ግን ዕቅድ ይለዋል። ይህ ልማድ ከታላላቅ ጦርነት ላይ ብቻ አይገኝም፤ ከየመሥሪያ ቤታችን የስብሰባ ቃለ ጉባኤም አይጠፋም። ሦስት ሠራተኞች ቡና እየጠጡ ስለ ደመወዛቸው ቢነጋገሩ «አደሙ» ይባላሉ፤ ሦስት አለቆች በር ዘግተው ስለዚያው ደመወዝ ቢነጋገሩ «ዕቅድ አወጡ» ይባላል።

እኛ ግን መለኪያውን ከቃሉ ከራሱ ማግኘት የሚቻል ይመስለናል። ስኬማ መልክ ነው ብለናል፤ መልክ ደግሞ የሚታይ ነገር ነው። መልኩ ለሚነካው ሰው ሁሉ የሚታይ፣ ተጠይቆ የሚመልስ፣ ሂሳቡ የሚመረመር ነገር ማንም ያውጣው ማን ዕቅድ ነው። መልኩን ከሚነካው ሰው የሚሸሽግ ግን በማኅተም ቢታተምም ሴራ ነው። የፖንዚ ደንበኞች ሂሳቡን ቀድመው ቢያዩ ኖሮ አንድ ዶላር እንኳ ባልሰጡት ነበር።

በእርግጥ የተበደለ ሰው በግልጽ መምከር የሚከለከልበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ምስጢሩ የሚያስወቅሰው መካሪውን ሳይሆን ምክርን ከአደባባይ ያባረረውን ነው። ስለዚህ ብዕር የያዘ ወጣት ሹም በሌላው ሰው ምክር ላይ «ሴራ» ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ ያ ሰው በግልጽ የሚናገርበት በር ክፍት ነበረን ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ጓደኛችንም ሻዩን ጨርሶ ሲነሣ፣ «እንግዲያስ የጡረታውን ስኪም ሂሳቡን አሳዩን ልበላቸውና፣ ካሳዩኝ ዕቅድ ነው» አለ። ነገሩ ገብቶታል።